ዋልካ አፈርን ለሚያውቁት ግንበኛ የቀረበ ምስጋና

ለሁለት ሰዎች በአደባባይ ምስጋና ማቅረብ እፈልጋለሁ። አንደኛው የቤቴን ስንጥቅ መንስኤ ያገኙልኝ ግንበኛ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ከእርሳቸው ጋር ያገናኘችኝ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ናት።

ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ሁለት ጊዜ ባለሙያ አስመጥቼ አስለሰንኩት። ልስኑ ያምራል፤ ደረቁ ወራት ሲገቡ ግን ስንጥቁ በዚያው መስመር ተመልሶ ብቅ ይላል። በመጨረሻ በፌስቡክና በቴሌግራም «ጎበዝ ግንበኛ ጠቁሙኝ» ብዬ ጻፍኩ። ስልክ ቁጥር ጎረፈልኝ። ጠቋሚዎቹን ስጠይቃቸው ግን አብዛኞቹ ሰውየውን በስም እንጂ በሥራው አያውቁትም።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለውጬ እንደገና ጻፍኩ። ቤቱ በጥቁር ዋልካ አፈር ላይ መሠራቱን፣ ስንጥቁ ከየት እንደሚነሣና በየትኛው ወቅት እንደሚሰፋ ዘረዘርኩ። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጌ ያነሣሁትን ፎቶግራፍም አያያዝኩ። የፈለግኩት በዋልካ ላይ የሠራና ሥራው ዝናብም ድርቅም ያለፈበት ሰው ነበር። የመጡልኝ መልሶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ለዓመታት ሰላምታ እንኳ ካልተለዋወጥናት ከዚህች ባልደረባዬ ነበር። የእናቷ ቤት በእኚህ ግንበኛ እጅ ከተጠገነ አራት ዓመት እንዳለፈው ነገረችኝ፤ ፎቶግራፉንም ላከችልኝ።

የቅርብ ወዳጆቼ ሊረዱኝ ያልቻሉት ስላልፈለጉ አይደለም፤ እነርሱ የሚያውቁትን ሰው እኔም አውቀዋለሁ። ማርክ ግራኖቬተር የተባሉት አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ባወጡት ጥናት በትውውቅ ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ጠቋሚያቸውን አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ አልፎ አልፎ ያገኙት የነበሩት 55.6 በመቶ፣ ከስንት አንዴ የሚያገኙት ደግሞ 27.8 በመቶ ሆነዋል። ግንበኛ ፍለጋም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ግንበኛው ሲመጡ ስንጥቁን ያዩት በመጨረሻ ነው። አስቀድመው ቤቱን ከውጭ ዞሩት፤ የጣሪያው ውሃ በአሸንዳው ወርዶ በቀጥታ ግድግዳው ሥር እንደሚፈስ አሳዩኝ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መሠረቱም አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። «አሁን ብለስነው ሦስተኛ ጊዜ ገንዘብዎን ማባከን ነው» አሉኝና የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ጻፉበት። ልስኑን እሺ ብለው ቢጀምሩት በዚያው ቀን ገንዘብ ያገኙ ነበር። ይህን ሐቀኝነታቸውን አልረሳውም።

ውሃው ከቤቱ እንዲርቅ ቱቦ ቀጠሉ፤ በግድግዳው ዙሪያም ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ወለል ሠሩ። ከዚያ ዝናቡንም ደረቁንም ወቅት ጠበቅን። ስንጥቁ ከእርሳሱ ምልክት አላለፈም። የለሰኑት ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬም እንዳማረ አለ።

ባልደረባዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጠፍቼ ሳለ ጥያቄዬን አንብበሽ ለመመለስ ስለደከምሽ ከልብ አመሰግንሻለሁ።

ቤታችሁ በዋልካ ላይ ከሆነ እኚህን ሰው ያለ ጥርጥር እጠቁማለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ ያልጻፍኩት በግል መልእክት ብቻ እንድሰጥ ስለፈቀዱልኝ ነው። ስትደውሉላቸው ስንጥቁ መቼ እንደሚሰፋና የጣሪያው ውሃ የት እንደሚወርድ አይታችሁ ጠብቁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ነው።