የ3 ሺህ ብር ማጉያ ወይስ በልኬት የሚስተካከል የመስሚያ መሣሪያ?

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ደውሎ «ለእናትህ የገዛኸው የቱን ነው?» አለኝ። ሁለቱንም ገዝቻለሁ። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ማጉያውን አትግዙ።

እናቴ ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምትኖረው። ቡና ላይ ስለ ገበያ ሲጠይቋት ስለ ለቅሶ ትመልሳለች። እያደር ጭራሽ ዝም አለች። «ጃጀች» ተባለ፤ እኔም አመንኩ። ለካ አትሰማም ነበር።

መጀመሪያ ፒያሳ ካለ ሱቅ ቻርጅ የሚደረግ ማጉያ በ3,200 ብር ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም አለ፤ ዕቃው ላይ ግን መለያ ቁጥር እንኳ የለም። ማጉያ ሁሉንም ድምፅ አብሮ ነው የሚያጮኸው። ቡና ሲወቀጥ ጆሮዋን ይዛ ትነሣለች፤ የልጅ ልጇ ሲያናግራት ግን ያው «ምን አልክ?» ነው። ነጠላዋን ስትከናነብ ደግሞ ያፏጫል። ቅዳሴ ላይ ሰው ዞሮ ሲያያት አውልቃ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። በሰባተኛው ወር ባትሪው ሞተ። ሞባይል ጠጋኝ በ400 ብር ሌላ በየደለት፤ ከዚያ በኋላ እዝዝ ከማለት በቀር ምንም የለም። ሁለተኛ ገዛሁ፣ 3,500። እሱም አምስት ወር። በዓመት 7,100 ብር ማለት ነው፣ በወር ወደ 590።

ከዚያ አዲስ አበባ ወሰድኳት። የትኛው ድምፅ ምን ያህል እንደሚጎድላት በግራፍ ወጣ። መሣሪያው ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ የጎደለውን ብቻ እንዲሞላ ተስተካከለ። ጆሮዋ ውስጥ የሚገባው ሞልድም በራሷ ጆሮ ቅርጽ ተሠራ፤ ፉጨቱ የቀረው በዚህ ነው። ለአንድ ጆሮ፣ ምርመራውን ጨምሮ፣ መንገዱን ሳልቆጥር 42,000 ብር። ዋጋውን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። ግን አምስት ዓመት ካገለገለ በወር 700 ነው፤ ባትሪው 270 ይጨምራል። ልዩነቱ 380 ብር አካባቢ ነው። ድምፁን ወደ ሞልዱ የሚያደርሰው ቱቦ ሲደርቅ ቱቦው ብቻ ይቀየራል እንጂ ዕቃው አይጣልም።

የመስሚያ መሣሪያ ለአእምሮ ይጠቅማል የሚባለውንም አንስቼ ልለፍ። አሜሪካ ውስጥ መስማት የሚቸግራቸው፣ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 የሆኑ 977 ሰዎች፣ ግማሽ ያህሉ መሣሪያ ተሰጥቷቸው፣ ለሦስት ዓመት ተጠንተው ውጤቱ በ2023 ወጥቷል። በጠቅላላው ሲታይ መሣሪያ በተሰጣቸውና ባልተሰጣቸው መካከል ልዩነት አልተገኘም። ለመርሳት ችግር ይበልጥ በተጋለጡት ላይ ግን የማሰብ ችሎታ ማሽቆልቆሉ በ48 በመቶ ቀንሷል። የተሰጣቸው መሣሪያ በባለሙያ የተስተካከለ ነበር። የሱቅ ማጉያ ሻጭ ይህን ጥናት ሲጠቅስላችሁ አትስሙት። «ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ይስተካከላል?» በሉት። ካላወቀ ውጡ።

የእናቴ መሣሪያ ባትሪ 13 ቁጥር፣ ባለ ብርቱካንማ ልጣፍ ነው። ስድስቱ 540 ብር። ልጣፉ ሲነሣ አየር ይገባና ሥራ ይጀምራል፤ ከዚያ ባትጠቀሙበትም ያልቃል። እናቴ «ላዘጋጅልህ ብዬ ነው ልጄ» ብላ ስድስቱንም ልጣ ጠብቃኛለች።

ደግሞ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ጆሮው ይታይ። የጎረቤታችን አባት ኩክ ነበር የደፈናቸው። ታጠበላቸው፣ ሰሙ።