ፓፓያን በፕላስቲክ ሳጥንና በስፖንጅ መረብ ማጓጓዝ፦ ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ብርሃን

ከመስከረም ጀምሮ በሸዋ ሮቢት መስኖ የሚለቀመውን ፓፓያ ወደ ደብረ ብርሃን የምልከው 60 በ40 ሳንቲ ሜትር በሆነ፣ ጎኑ ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ፍሬም የስፖንጅ መረብ አለብሰው ነበር። ቀደም ሲል የምጠቀመው ጆንያ ነበር። ሁለቱን ዕቃዎች አብሬ ብገዛቸውም ጥቅማቸው እኩል አይደለም፤ ፍሬውን በዋናነት ያተረፈልኝ ሳጥኑ ነው።

ምክንያቱ የመንገዱ ጠባይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ቆላ በመሆኑ፣ አይሱዙው በደብረ ሲና በኩል ጠመዝማዛውን አቀበት ወጥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በር እስኪያልፍ ድረስ ጭነቱ በየመታጠፊያው ወደ ጎን ይገፋል። በጆንያ የታጨቀ ፓፓያ ይህን ግፊት በራሱ ገላ ይቀበላል፤ የታችኛውም የበላዩን ሁሉ ተሸክሞ ይጨፈለቃል። ሳጥን በሳጥን ላይ ሲደረደር ግን ክብደቱ በግድግዳው በኩል ወደ ታች ስለሚወርድ ፍሬው አይጫነውም። ይህ የሚሆነው ግን ፍሬው ከሳጥኑ አፍ በታች ከሆነ ብቻ ነው፤ ጫኞች አናቱን ቆልለው ከሞሉት ሳጥኑም ከጆንያ አይሻልም።

አጉድሎ መሙላትም ፍሬውን ያፋጫል፤ መረቡ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። የፓፓያ ልጣጭ ስስ ስለሆነ፣ በጉዞ ላይ የተፋቀው ቦታ ወዲያው ባይታይም ፍሬው ሲበስል ጠቁሮ ይወጣል፤ ሻጋታም ከዚያ ይጀምራል። መረቡ መላላጥን ይከላከላል እንጂ ጭነት አይሸከምም፤ ስለዚህ አሁን የማለብሰው ትልልቁንና ቢጫ መስመር ማሳየት የጀመረውን ብቻ ነው። ፍሬው ከተቆረጠበት ቦታ የሚፈሰው ወተት ልጣጩን ስለሚያቃጥልና መረቡንም ስለሚያጣብቅ፣ መረቡ ከመልበሱ በፊት ፍሬው የተቆረጠበት በኩል ወደ ታች ተደፍቶ ጥላ ሥር መቆየት አለበት።

ከእነዚህ ወራት በኋላ ፀሐይ ላይ የዋለው መረብ ልስላሴውን አጥቶ መበጣጠስ ጀምሯል። ከሳጥኖቹ ግን እጀታቸው የተሰነጠቀው ጥቂቶች ናቸው።

ሁለቱም የማይመክቱት ብርዱን ነው። ያልበሰለ ፓፓያ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ብዙ ከቆየ በወጉ አይበስልም፤ ቆላ ላይ ሙቀት የሚያስወጣው ቀዳዳም ጣርማ በር ላይ ብርድ ያስገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጭነቱን በሸራ መሸፈንና ጉዞውን ቀን ማድረግ ግድ ሆኖብኛል።

ትልቁ ቅሬታዬ የመልስ ጉዞው ነው። ይህ ሳጥን ባዶውን አንዱ በአንዱ ውስጥ ስለማይገባ፣ ሲመለስም የሙሉውን ያህል ቦታ ይይዛል፤ ባለመኪናውም የሚያስከፍለኝ በቦታው ልክ ነው። በሚቀጥለው ግዢ ዋጋው ቢወደድም ባዶውን ተደራርቦ የሚገባውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ለቅርብ ገበያ፣ ለምሳሌ ለአጣዬ ብቻ ለሚያቀርብ ሰው ግን ይህኛው ይበቃዋል።