ሂሊየም ወይስ ዘ ቲንግስ ኔትወርክ?

ሁለቱም የሴንሰሮችን መረጃ የሚያስተላልፉ ኔትወርኮች ናቸው፤ የሚሠሩትም በሎራዋን ነው፤ ጥቂት መረጃን በአነስተኛ ኃይል ብዙ ኪሎሜትር በሚያደርስ የሬዲዮ ስልት። በሁለቱም ማንም ሰው ጌትዌይ (የሴንሰሮችን ሲግናል ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚያሻግር መሣሪያ) መትከል ይችላል። የሚለያዩት ለምን ይተክላል በሚለው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 አምስተርዳም ላይ የተጀመረው ዘ ቲንግስ ኔትወርክ በበጎ ፈቃድ የቆመ ነው። ተካዩ አይከፈለውም፣ ተጠቃሚውም አይከፍልም። ገደቡ ግን ጥብቅ ነው፦ አንድ መሣሪያ በቀን 30 ሰከንድ የአየር ጊዜ (በሬዲዮ የሚልክበት ጊዜ) ብቻ። ለአፈር እርጥበት መለኪያ ይህ ይበቃል።

ሂሊየም በ2019 ብሎክቼይንን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያዝ የጋራ መዝገብ) ይዞ መጣ። ጎረቤት ሆትስፖቶች (የሂሊየም ጌትዌዮች) አንዱ የሌላውን ሲግናል ሰምተው ሽፋኑን ይመሰክራሉ፤ ባለቤቶቹም ቶክን (ዲጂታል ገንዘብ) ያገኛሉ። ብልሃቱ ጌትዌዮችን በፍጥነት አበዛ፤ ደንበኛው ግን በዚያው ልክ አልመጣም። አንዳንዶችም የሆትስፖታቸውን ቦታ በሐሰት እያስመዘገቡ ሽልማት ለቀሙ (ገንዘብ ባለበት ብልጣብልጥ መች ይጠፋል!)። ሂሊየም በ2023 የራሱን ብሎክቼይን ትቶ ሶላና ወደተባለ ሌላ ብሎክቼይን ተዛወረ። ላኪው ለ24 ባይት 0.00001 ዶላር ይከፍላል፤ በየሰዓቱ አንዴ የሚልክ ሴንሰር በዓመት አሥር የአሜሪካ ሳንቲም አይፈጅም።

ለመማርና ለሙከራ ዘ ቲንግስን እመርጣለሁ። ብዙ ለሚልክ ሂሊየም ይሻላል፣ በአካባቢው ሆትስፖት ካለ። ከሌለ የራስን ጌትዌይ መግዛት ግድ ነው፤ ያኔ የቶክኑ ነገር ብዙም አያጓጓም።