የዋሽንግተንን ድራፍት ከሐዋሳ መገመት፦ የአንድ ቤት የሁለት ዓመት ግምገማ

አቶቴ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ፣ አዘቦት ቀን ፕሌይስቴሽን የሚያጫውት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚያሳይ አንድ ቤት አለ። ይህ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽ፣ በከተማችን ሌላ ቦታ አይቼ የማላውቀውን አገልግሎት ይሰጣል። ዋሽንግተን ኮማንደርስ የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ በድራፍት እነማንን እንደሚመርጥ ደንበኞች አስቀድመው በወረቀት ይሞላሉ፤ ከዚያም ምርጫው በቀጥታ ሲተላለፍ ሌሊቱን አብረው ያመሻሉ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ተገኝቻለሁ። የቤቱን ስም የማልጠቅሰው ባለቤቱ ያሏቸው ወንበሮች ከሠላሳ ስለማይበልጡ እንዳልጠቅስ ስለጠየቁኝ ነው፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ግን ጠይቆ አያጣውም።

ዋሽንግተን የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለቤቱ ወደ ሐዋሳ ከመመለሳቸው በፊት ሜሪላንድ ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነድተዋል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ማኅበረሰብ በአሜሪካ ካሉት ሁሉ ትልቁ በመሆኑም ከደንበኞቹ ብዙዎቻችን እዚያ እኅት፣ ወንድም ወይም አብሮ አደግ አለን። የእኔ እኅት የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቡድኑን መከታተል የጀመርኩትም እሑድ ማታ ስደውልላት ከበስተኋላዋ የምሰማው ጩኸት የምን እንደሆነ ከጠየቅኋት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ፤ የምጠቅሳቸው የድራፍት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ድራፍት 32 ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ተጫዋቾችን በተራ የሚወስዱበት ሥርዓት ሲሆን ሰባት ዙሮች አሉት። ባለፈው የውድድር ዓመት ከሁሉ የከፋ ውጤት ያስመዘገበው ቀድሞ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ የዙሩ መጨረሻ ይሆናል። እኛ በምናውቀው እግር ኳስ ገንዘብ ያለው ክለብ የፈለገውን ይገዛል፤ ይህ ግን ደካማው እንዲያንሰራራ ታስቦ የተዘረጋ ሥርዓት ነው። ሐሳቡን ያመጡት የፊላደልፊያው ክለብ ባለቤት የነበሩት በርት ቤል ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ድራፍት በ1936 እዚያው ፊላደልፊያ ተካሄደ። በዚያ ድራፍት ከሁሉ ቀድሞ የተጠራው ጄይ በርዋንገር በፕሮፌሽናል ደረጃ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ፤ በ2000 ደግሞ በስድስተኛው ዙር 199ኛ ሆኖ የተጠራው ቶም ብሬዲ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚህ ቤት ደንበኞች የሚጠበቀው ግን ማን ጎበዝ እንደሚሆን ማወቅ አይደለም፤ ክለቡ ማንን እንደሚጠራ ማወቅ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የተጫዋቹን ችሎታ መመርመር ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የክለቡን ጉድለት፣ የኃላፊዎቹን ልማድና የምርጫ ቁጥሮችን ዋጋ ማንበብ ይጠይቃል። ቤቱን ከልቤ የምወደው ለዚህ ንባብ የሚሆነውን ሁሉ ግድግዳው ላይ ስለሚለጥፍ ነው።

ከድራፍቱ አንድ ሳምንት በፊት ሦስት ትልልቅ ወረቀቶች ይለጠፋሉ። በመጀመሪያው የክለቡ ተጫዋቾች በየቦታቸው ተዘርዝረው፣ በመጋቢት ውል ያበቃላቸውና የሄዱት በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል፤ ክፍተቱ የት እንዳለ ከሩቅ ይታያል። ሁለተኛው ክለቡ ወደ ማዕከሉ ጠርቶ ያነጋገራቸው እጩዎች ዝርዝር ነው፤ አንድ ክለብ በዚህ መልክ ማስተናገድ የሚችለው 30 እጩዎችን ብቻ ስለሆነ ማን እንደተጠራ ማወቅ ይጠቅማል። ሦስተኛው በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዳላስ አሠልጣኝ የነበሩት ጂሚ ጆንሰን እንዲታወቅ ያደረጉት የዋጋ ሠንጠረዥ ነው። በእርሱ አንደኛው ምርጫ 3000፣ ሁለተኛው 2600፣ የመጀመሪያው ዙር መጨረሻ የሆነው 32ኛው ደግሞ 590 ነጥብ ያወጣል፤ ክለቦች ቁጥር ሲለዋወጡ ማን እንደተጠቀመ በዚህ ማስላት ይቻላል። ባለቤቱ ሠንጠረዡን ለአዲስ ደንበኛ ሲያስረዱ ሁልጊዜ የሚያነሡት የ2012ን ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ዋሽንግተን ከ6ኛ ወደ 2ኛ ከፍ ብላ ሮበርት ግሪፈንን ለመውሰድ 6ኛና 39ኛ ቁጥሮቿን፣ ከእነርሱም ጋር የ2013ና የ2014 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቿን ለሴንት ልዊስ ሰጠች። በዚያው ድራፍት በ102ኛው ቁጥር ደግሞ እንደ ግሪፈን ኳርተርባክ የሆነውን፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራና ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች፣ ከርክ ከዚንስን ወሰደች፤ ግሪፈን ጉልበቱን ከተጎዳ በኋላ ውሎ አድሮ ቦታውን የያዘው ይኸው በአራተኛው ዙር የመጣው ልጅ ነበር። «ቡድን አንድ ቀዳዳ ደፈነ ማለት ስለዚያ ቦታ ማሰብ አቆመ ማለት አይደለም» ይላሉ ባለቤቱ፤ ይህን አባባላቸውን በኋላ ስገምት ልብ አለማለቴ ጎድቶኛል።

በ2024 የመጀመሪያው ሌሊት፣ ለዓርብ አጥቢያ ሚያዝያ 18 ቀን 2016፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሁዳዴ ስለነበረ የሚቀርበው ሻይ፣ ቆሎና ዳቦ ብቻ ነው። የዋሽንግተን የመጀመሪያ ቁጥር 2ኛው ነበር። ቺካጎ ኬሌብ ዊሊያምስን ስትጠራ ማንም አልተገረመም፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ ግን አይረሳኝም። ከድራፍቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አዳም ፒተርስ በርካታ እጩዎችን በአንድ ጊዜ ጠርተው ወደ ጎልፍ መጫወቻ ወስደዋቸው ስለነበር፣ የኳርተርባኩ የጄደን ዳንኤልስ ወገን ደስ አላለውም የሚል ወሬ ተናፍሶ ከመካከላችን ሦስት ሰዎች ስሙን ሰርዘው ድሬክ ሜይ ብለው ጽፈዋል። እኔ አልሰረዝኩም፤ ምክንያቴም ወሬው ስለ ክለቡ ፍላጎት የሚነግረኝ ነገር አለመኖሩ ነበር። ዳንኤልስ ተጠራ። በዚያው ዓመት ቡድኑን 12 ለ 5 በሆነ የድልና የሽንፈት ውጤት እስከ ምድቡ የፍጻሜ ጨዋታ አደረሰው።

የአገልግሎቱ ደካማ ጎን የታየው በማግስቱ ሌሊት ነው። ወረቀታችን ላይ የታተሙት ቁጥሮች 2፣ 36፣ 40፣ 67፣ 78 እያሉ የሚቀጥሉ ነበሩ። ለ36ኛው ታክል ብዬ ነበር፤ ታክል ማለት ኳርተርባኩን ከሚያጠቁት የሚጠብቅ ግዙፍ ተጫዋች ነው፤ ግድግዳው ላይም ትልቁ ክፍተት እርሱ ነበር። ክለቡ ግን ከበቂ በላይ ሰው ባለበት ቦታ፣ በመከላከያው መሐል የሚሰለፈውን ጆኒ ኒውተንን ወሰደ። ቀጥሎም 40ኛው ቁጥር ሲደርስ ወደ ፊላደልፊያ መሻገሩ ተነገረ፤ ዋሽንግተን 40፣ 78ና 152ን ሰጥታ 50፣ 53ና 161ን ተቀበለች። ወረቀቶቹን የምትሰበስበው ልጅ ከጎኔ ቆማ «ጋሼ፣ 40 ቁጥር ላይ የጻፉትን ምን ላድርገው?» ስትለኝ የምመልስላት አልነበረኝም፤ 50ና 53 የሚባሉ መስመሮች ወረቀቱ ላይ የሉምና። ባለቤቱ ተነሥተው በእያንዳንዳችን ወረቀት ኅዳግ ላይ ሁለት መስመር በእጃቸው አሰመሩልንና በቀረው ጊዜ እንድንሞላ ፈቀዱልን። ሠንጠረዡን ያየ ሰው ልውውጡን ሊጠረጥር ይችል ነበር፤ 40ኛውና 78ኛው ተደምረው 700 ነጥብ ሲሆኑ 50ኛውና 53ኛው 770 ናቸው። ብዙ ቀዳዳ ያለበት ክለብ እንዲህ ያለውን ነገር ይፈልጋል። ግን ልውውጥ ይኖራል ብሎ ለገመተ ሰው ወረቀቱ ቦታ አልነበረውም።

በ2025 ይህ ተስተካክሎ ጠበቀን። ከቁጥሮቹ ሥር ባዶ መስመሮች ተጨምረዋል፤ «ልውውጥ ይኖራል» የሚል ሳጥንም አለ። ጊዜውም ከፋሲካ በኋላ በዓለ ሃምሳ ስለነበረ ዓርብ ቢሆንም ማኪያቶና ዱለት ቀርቧል፤ ቤቱ ከአምናው ይልቅ ሞቅ ያለ ነበር። ዋሽንግተን የያዘችው አምስት ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ 29፣ 61፣ 128፣ 205ና 245። ለ29ኛው እኔ የጻፍኩት ኳርተርባክ አሳዳጁን ዶኖቫን ኤዜሩዋኩን ነበር። ክለቡ በመጋቢት ከሂዩስተን ላረሚ ተንሲልን የሚያህል ታክል ስላስመጣ ሁለተኛ ታክል በመጀመሪያው ዙር ይወስዳል ብዬ አላሰብኩም። ባለቤቱ ግን ታክል ብለው ጽፈዋል፤ የ2012ን ታሪክ እየነገሩኝ እኔ ሳልሰማቸው ቀርቻለሁ። ክለቡ ከኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ጆሽ ኮነርሊን ጠራ፤ እኔ የጻፍኩትን ልጅ በ44ኛው ቁጥር ዳላስ ወሰደው። ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ሳስበው ዳንኤልስን የመሰለ ልጅ ያለው ክለብ እርሱን ከመጠበቅ የሚያስቀድመው ጉዳይ ሊኖር አይችልም ነበር።

ዋናው ቅሬታዬ የነጥብ አሰጣጡ ነው፤ ሁለቱንም ዓመት አልተለወጠም። ቤቱ ነጥብ የሚሰጠው ስምና ቁጥር አብረው ለገጠሙለት ሰው ብቻ ነው። በ2024 ታክል እንደሚወስዱ ጽፌ ወሰዱ፤ ግን በ36ኛው ሳይሆን በ67ኛው፣ ብራንደን ኮልማንን። ምንም አላገኘሁም። በ2025 ለ61ኛው ኮርነርባክ፣ ማለትም የተቃራኒን ኳስ ተቀባዮች የሚጠብቅ ተከላካይ፣ ይወስዳሉ ብዬ ትክክል ነበርኩ፤ ስሙን ግን ስለሳትኩ ትሬይ አሞስ ብሎ የጻፈ አንድ ወጣት በዚያች አንድ ስም ብቻ አሸነፈ። ልጁ ያሸነፈው በሚገባው ነው፤ ሕጉ ያንን ይላልና። ባለቤቱ ግን ታክል መሆኑን አስቀድመው አይተው፣ ምክንያቱንም በወረቀታቸው ጀርባ ጽፈው፣ ዜሮ ወጡ። በመጨረሻው ዙር በ245ኛው የተጠራውን ጃኮሪ ክሮስኪ ሜሪትን ደግሞ ከሁላችን አንድም ሰው አልጻፈውም፤ በ2024 ለአሪዞና የተሰለፈው በአንድ ጨዋታ ብቻ ነበርና። ሆኖም ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች ይወስዳሉ ያልን አራት ሰዎች ነበርን፤ ወሰዱም። የአንድን ክለብ ምርጫ መገመት ማለት ከሁሉ በፊት የጨዋታ ቦታውን ማወቅ ነው፤ ስሙ የሚወሰነው በዚያች ሌሊት ከፊት ያሉት ክለቦች ማንን እንዳስቀሩ ነውና። ስለዚህ ለስም አሥር ነጥብ ቢሰጥ ለቦታ አራት፣ ለልውውጥ ሦስት እንዲሰጥ ሐሳቤን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ትምህርት ሁሉ ወረቀቱ የማይመዝነው ከሆነ ቤቱ የራሱን ድካም ያባክናል።

ሌላውን በፍጥነት ላንሣ። ወረቀቱና ሁለት ሻይ 150 ብር ነው። በገንዘብ መወራረድ ክልክል ነው፤ ለአሸናፊው ሌሎቻችን አዋጥተን አሞራ ገደል ዓሣ እንጋብዘዋለን፤ ይህ ደንብ ቤቱን ከቤቲንግ ቤቶች ይለየዋል፤ እንዳይለወጥም አጥብቄ እመኛለሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ። ኔትወርኩ በ2025 ሁለት ጊዜ ተቋርጦ 31ኛውን ምርጫ ሳናይ ቀርተናል። ወንበሮቹ ፕላስቲክ ስለሆኑ እስከ ንጋት ለሚቀመጥ ሰው ያማሉ፤ የሚያሞቅ ልብስ መያዝም ግድ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጀምራሉ፤ የቀሩት አራት ዙሮች ግን ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ስለሆኑ ልጆች ይዞ መምጣት ይቻላል፤ ለጀማሪም የምመክረው ይህን ምሽት ነው። በሌሊቶቹ ባጃጅ ማግኘት ስለሚያስቸግር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

የ2026 ድራፍት ፒትስበርግ ላይ ነው። ዋሽንግተን ለተንሲል ስትል የሁለተኛውን ዙር ምርጫዋን ስለሰጠች ወረቀቱ ከመጀመሪያው ዙር ዘሎ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል፤ ስም ብቻ ከተቆጠረ ከምንጊዜውም ይልቅ ዜሮ የሚበዛበት ዓመት ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ባለቤቱን በር ላይ አግኝቻቸው ስለ ነጥቡ ጠየቅኋቸው። አዲሱን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ፤ ከስሙ ዓምድ ጎን በእርሳስ «ቦታ» የሚል ሌላ ዓምድ ተሰምሯል፤ ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ ግን ገና አልተጻፈም።