ለደሴ ጠዋት፦ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሞተር ማሞቂያ ወይስ የራዲያተር መከለያ?

ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደሴ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ ሃይብሪድ መኪና (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) ባትሪው በቂ ኃይል ቢኖረውም ሞተሩና የጭስ ማጣሪያው እስኪሞቁ ቤንዚን ያቃጥላል።

ከመነሳት ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድሞ ሶኬት ላይ የሚሰካው ማሞቂያ ይህን ብክነት ከምንጩ ይቀንሳል። 400 ዋት የሚስበው ዓይነት በዚያ ጊዜ የሚፈጀው 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ጥቅሙ ይበልጥ የሚጎላው ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ቁልቁለት ያለ ቤንዚን ሊወርድ፣ እንዲያውም ፍሬን ሲያዝ ባትሪውን ሊሞላ የሚችል መኪና፣ ለማሞቅ ሲባል ብቻ ነዳጅ ማቃጠሉ በእውነት ያሳዝናል። ሆኖም ለሰሜን አሜሪካ የተሠራው ማሞቂያ የሚሠራው በ120 ቮልት ስለሆነ፣ ከእኛ 220 ቮልት መስመር ጋር በቀጥታ ፈጽሞ መገናኘት የለበትም።

የራዲያተሩን ፊት ከነፋስ የሚሸፍነው መከለያ ርካሽ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ያገለግላል። ነገር ግን ሙቀት እንዳይባክን ያግዛል እንጂ በራሱ አያሞቅም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ረጅም ዳገት ደግሞ፣ ሞተሩም ሆነ የኤሌክትሪኩ ክፍል ብርቱ ማቀዝቀዣ በሚሹበት ሰዓት አየር ስለሚዘጋ ያሰጋል።

ስለዚህ ግቢው ውስጥ የምድር መስመር ያለው ሶኬት ላለው ሰው ማሞቂያውን እመርጣለሁ። መንገድ ዳር የሚያሳድር ግን የራዲያተሩን ከፊል ብቻ ይከልል፤ ዳገቱን ከመጀመሩም በፊት መከለያውን ያንሳው።