ፍሬሽዋተር ቤይ፦ የባሕር ዳሩ ካፌ እና የነሐሴ ጾም

ይህን ካፌ የማውቀው አይል ኦፍ ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት ላይ ስኖር ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ቁርሴን የምበላው እዚያ ነበር። አሁን ለንደን ነው የምኖረው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ልጆቼንና እናቴን ይዤ በየነሐሴው እመለሳለሁ። የቤቱን ስም አልጽፍም፤ የማልወድለትንም ነገር ስለምናገር። ፍሬሽዋተር ቤይ ትንሽ መንደር ናት፤ ከሄዳችሁ ታገኙታላችሁ።

ለመሄድ ከዋተርሉ በባቡር ብሮከንኸርስት፣ እዚያ ቀይራችሁ ሊሚንግተን፣ ከዚያ በፌሪ ያርማውዝ ነው። ፌሪው 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከያርማውዝ አውቶቡስ አለ። እግር ላለው ሰው ግን በወንዙ ዳር የድሮው ባቡር ይሄድበት የነበረው መስመር አለ። ባቡሩ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1953 ቆሞ አሁን የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ልጆች ሳይሰለቹ ይጨርሱታል፤ ተርበውም ይደርሳሉ።

ዓሣው ጥሩ ነው፣ እውነቴን ነው። ኮድ የሚባለው ዓሣ ነው፤ ሊጡ ስስ ነው፣ ዘይት አልጠጣም፣ ሲነክሱት ኮሽ ይላል፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ በትልልቁ ይፈረካከሳል። ቺፕሱ ወፍራም ነው፤ ጨውና ኮምጣጤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አለ፣ አትቆጥቡ። አብሮ የሚመጣውን የተፈጨ አተር እናቴ ስትቀምሰው «ቁሌት የተረሳበት ክክ ወጥ» አለችው፤ ልጆቹ ግን ይወዱታል። አብዛኛው እንግሊዛዊ እዚያ የሚመጣው ለሸርጣን ሳንድዊች ነው። እኛ ቤት ሸርጣን አይበላም፣ ስለዚህ ስለ ጣዕሙ ምንም አልልም፤ ከምሳ ሰዓት በፊት እንደሚያልቅ ግን አያለሁ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ዕረፍትና ፍልሰታ ይገጣጠማሉ። እናቴ ነሐሴን ሙሉ፣ ማለቴ እስከ 16፣ ትጾማለች፤ ዓሣም አትነካም። ባሕር ዳር ሄዶ መጾም ከባድ ነው፤ የምታዩት ሁሉ ዓሣ፣ አይስክሬም፣ ቅቤና ክሬም ነው። ደግሞ ቺፕስ ጾም ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። እንግሊዝ ውስጥ፣ በተለይ ወደ ሰሜኑ፣ እስካሁን በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። በአትክልት ዘይት ከሚጠብሱትም ዓሣው በገባበት መጥበሻ ቺፕሱንም የሚያወጡ አሉ።

ይህን ለቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ጊዜ ሳስረዳት አፍሬ ነበር፤ ቤቱ ሞልቷል፣ ሰልፉ በር ድረስ ወጥቷል። ሴትየዋ ግን አላጉረመረመችም፣ ፊቷንም አልቋጠረችም። ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ ቁጭ ብላ ጠየቀችኝ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ በንጹሕ መጥበሻ በአዲስ ዘይት ለእናቴ ለብቻዋ ጠበሰችላት። ቅቤ ያልነካው ድንች በልጣጩ ጋግራ፣ ላዩ ላይ የቲማቲም ባቄላ አድርጋ ጨመረችላት። ባቄላው ጣፋጭ ስለሆነ እናቴ ብዙም አልወደደችውም፣ ድንቹን ግን ጨርሳዋለች። በዓመቱ ስንመለስ ሴትየዋ እናቴን በር ላይ እንዳየቻት እጇን ይዛ አስገባቻት፤ ገና ሳናዝም ለብቻ የሚጠበሰውን ጀምራ ነበር። እኔ ለንደን መሃል፣ ዋጋቸው ሰማይ የነካ ምግብ ቤቶች ውስጥ ይህን የሚያህል አክብሮት አላየሁም።

እናቴ እዚያ መስኮቱ ጋ መቀመጥ ትወዳለች። ነጩ የኖራ ገደል ይታያል፤ ከባሕሩ ውስጥ ለብቻቸው የቆሙት አለቶችም እንዲሁ። ከካፌው ትንሽ ከፍ ብሎ ዲምቦላ የሚባል ቤት አለ፤ የፎቶግራፍ አንሺዋ የጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ቤት ነበር፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። ልዑል ዓለማየሁን በፈረንጅ አቆጣጠር በሐምሌ 1868 ፎቶ ያነሳችው እሷ ናት። የመቅደላው ጦርነት በሚያዝያ ነበር፤ አባቱ አፄ ቴዎድሮስ እዚያው ሞቱ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ደግሞ ወደ ባሕሩ ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። ወደዚች ደሴት ያመጣው እኛ ባሻ ፈለቀ የምንለው እንግሊዛዊው መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ኦዝበርን ቤታቸው ውስጥ አገኙት። ፎቶውን ስልኬ ላይ አውጥቼ ለእናቴ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችውና «ማን አበላው? ማን አስተኛው?» አለች፣ ከዚያ ለልጆቼ የቀረውን ቺፕስ ገፋ አድርጋ ሰጠቻቸው። ልዑሉ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንዘር ነው የተቀበረው፤ አጽሙ ይመለስልን የሚለውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ንገሯቸው። የእኔዎቹ አሁን መንደሯን የሚያውቋት በእሱ ነው።

ቅሬታዬን ልናገር። ቡናው አይጠጣም። ከማሽን የሚወርድ፣ መራራና ውሃ የበዛበት ነው፤ ሻይ እዘዙ። ዋጋው ጨምሯል፤ አራት ሆኖ ለሚበላ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ ባንክ ሆሊደይ በሚሉት የሕዝብ በዓል ሰኞ፣ ያዘዝነው ሳይመጣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ የሚያስተናግደው ወጣት ደግሞ ይዘገያል እንኳ አላለንም። ልጅ የያዘ ሰው ቢነገረው ዳቦ ይገዛል። ውጪ ያሉት ጠረጴዛዎች ላይ ከተቀመጣችሁ የባሕር ወፎቹ ከእጃችሁ ነው የሚነጥቁት፤ ታናሿ ልጄ አልቅሳለች።

ቤቱ ግን በበጋ ብቻ የሚፈረድበት አይደለም። በጥር፣ ማዕበሉ የባሕሩን ጠጠር መንገዱ ላይ በሚበትንበት ወቅት፣ ሌላው ሁሉ ሲዘጋ ቅዳሜና እሑድ ክፍት ነበር። ከምሠራበት መንከባከቢያ ዘጠና ያለፋቸውን አንዲት እናት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ አመጣቸው ነበር፤ ልጅ ሆነው በዚያው ባሕር ዳር ዋና የተማሩ ናቸው። የሚያዙት ሁልጊዜ አይስክሬም ነው፣ በዚያ ብርድ። ሴትየዋ አንድም ቀን «ለጤናዎ» ብላ አልከለከለቻቸውም፤ ብርድ ልብስ እግራቸው ላይ ጣል አድርጋ ታቀርብላቸው ነበር።

ከጾም ውጪ የምትሄዱ ከሆነ ስኮን የሚባለውን ትንሽ ኬክ ከወፍራሙ ክሬምና ከእንጆሪ ማርማላታ ጋር ቅመሱ፤ ትኩስ ሆኖ ነው የሚመጣው። እኛ ጾሙ በተፈታ ማግስት፣ ነሐሴ 17፣ ሄደን እናቴ ሁለት በልታለች። ወጥ ቤቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ስኮኑ ግን ከዚያ በፊት ስለሚያልቅ ስትገቡ አስቀምጡልን በሏቸው። የጾም ምግብ የምትፈልጉም ከሰልፉ ሰዓት ቀድማችሁ፣ ረፋድ ላይ ግቡ፤ ለብቻ ለመጥበስ ጊዜ አላቸው።