ሉዋንቲ ለባሕር ዳር ክፍሎች፦ ያለ ኢንተርኔት የሚያስተምር የብሎክ ጨዋታ

በብሎክ ግንባታ ለማስተማር ሲታሰብ ቀድሞ የሚመጣው ማይንክራፍት ኤዱኬሽን ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ተማሪ አካውንት፣ ለመግባትም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት የኮምፒውተር ክፍል ምርጫችን ሉዋንቲ ነው፤ እስከ 2024 (በአውሮፓውያኑ) ማይንቴስት ይባል የነበረው። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል።

ጀማሪውን የሚያሰናክለው ከስሪት 5.8 ወዲህ ፕሮግራሙ ያለ ጨዋታ ባዶውን መምጣቱ ነው። «ማይንቴስት ጌም» የተባለውን መሠረታዊ ጨዋታ ኢንተርኔት ባለበት አስቀድሞ ማውረድ የግድ ነው። በመምህሩ ማሽን ላይ መኖሩ ይበቃል፤ ተማሪዎቹ ሥዕሉንና ድምፁን ሲገቡ ከዚያ ይወስዳሉ፣ ለዚህም ነው የመጀመሪያው መግቢያ የሚዘገየው። ኢንተርኔት የሌለው ራውተር ያገናኛቸዋል፤ የመምህሩን አይፒ አድራሻና ፖርት 30000 ያስገባሉ። እምቢ ካለ የመምህሩን ማሽን ፋየርዎል (ግንኙነት የሚያግደውን መከላከያ) ይመልከቱ፦ ፖርቱ የሚከፈተው ዩዲፒ ለተባለው የግንኙነት ዓይነት ነው፣ ለቲሲፒ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም ራውተሩ ስለሚጠፋ ሁሉም ይወጣሉ፤ ለራውተሩ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ይግዙ።

የአማርኛ ጽሑፍ በባዶ ሣጥን ይታያል፤ አብሮት የመጣው ፎንት ፊደላችንን አልያዘም። በእያንዳንዱ ማሽን ሴቲንግ ውስጥ በተጠባባቂ ፎንት ቦታ የኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ፋይል ማስገባት ይፈታዋል። ከዚያ በኋላ የራስዎን ብሎክ መሥራት ደስ ይላል፦ 16 በ16 ፒክስል የሆነ የደንገል ሥዕልና ሉዋ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ። የሞዱ (ብሎኩን ወደ ጨዋታው የሚጨምረው ተጨማሪ ፋይል) ስም በትንንሽ የላቲን ፊደል መሆን አለበት፤ ተማሪው የሚያየው ስም ግን በአማርኛ ይሆናል፣ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 የጽሑፍ አቀማመጥ ከተቀመጠ።

ሉዋንቲን ከሁሉ በላይ የምንወድለት ለሒሳብ ነው። የዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ናት፤ ተማሪዎች ዲያሜትሩ 21 ብሎክ የሆነ ክብ ይሥሩና በውጭ በኩል የሚታዩትን የብሎክ ጎኖች አንድ በአንድ ይቁጠሩ። 84 ይመጣል፤ ቀመሩ ግን 66 ገደማ ይላል። ብሎኩን ቢያሳንሱትም ልዩነቱ አይጠብም፣ ደረጃ የሠራ ጠርዝ ምንጊዜም የዲያሜትሩ 4 እጥፍ ነውና። የብሎኮቹ ብዛት፣ ማለትም ስፋቱ፣ ግን ቀመሩ ከሚሰጠው 346 ብዙ አይርቅም። አንዱ ሲቀርብ ሌላው ለምን እንደማይቀርብ መጠየቅ የአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው። የጣናን ካርታ ለመሥራት 1 ብሎክ 200 ሜትር ይሁን፤ 84 ኪሎ ሜትር ርዝመቱ 420 ብሎክ ይሆናል። 14 ሜትር ጥልቀቱ ግን በዚያው ሚዛን የአንድ ብሎክ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ለቁመቱ ሌላ ሚዛን ከተጠቀሙ ይንገሯቸው፤ አለዚያ ሐይቁን ገደል አድርገው ይይዙታል።

ክፍሉ ሲረበሽ «ኢንተራክት» የተባለውን ፈቃድ ይንሱ፤ ተማሪው ይራመዳል፣ መገንባትም ማፍረስም አይችልም።

ለውኃ መጠን ትምህርት አንመክረውም። የጨዋታው ተራ ውኃ በሁለት የምንጭ ብሎኮች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ራሱን ይተካል፤ ዓባይ ከጣና የቱንም ያህል ቢወጣ ሐይቁ አይጎድልም።